የአጥንትና የሥጋ እብጠት ምርመራ፦ ራጅ፣ አልትራሳውንድ፣ ሲቲ ወይስ ኤምአርአይ?

በጉልበቱ አካባቢ እብጠት የወጣበት ወይም ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ የአጥንት ሕመም የያዘው ሰው ዛሬ ዛሬ ወደ ሐኪም የሚገባው የምርመራውን ስም ይዞ ነው። «ኤምአርአይ ይታዘዝልኝ» ይላል። ከውጭ አገር ገንዘብ የሚልክ ዘመድም «ትልቁን ምርመራ ይነሳ» ብሎ ይልካል። ሐሳቡ ቅን ነው፤ ውድ ምርመራ ሁሉ ከርካሹ አብልጦ ያያል ከሚል እምነት የመነጨ ነው። ወደ አጥንት፣ ወደ ጡንቻ፣ ወደ ስብና ወደ ነርቭ ዕጢዎች ሲመጣ ግን ይህ እምነት ግማሹ ብቻ ልክ ነው። በማግኔት ምስል የሚያነሳው ኤምአርአይ «ዕጢው ከየት እስከ የት ደርሷል?» የሚለውን ጥያቄ ከየትኛውም ምርመራ በተሻለ ይመልሳል። «ይህ ዕጢ ምንድን ነው?» ለሚለው ጥያቄ ግን፣ በተለይ ዕጢው አጥንት ላይ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ርካሹ ራጅ ይበልጠዋል።

የኤምአርአይን ታሪክ ለሚያውቅ ይህ ትንሽ ምፀት አለበት። ሬይመንድ ዳማዲያን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1971 ያሳተመው ጥናት፣ በአይጦች ላይ የበቀሉ ዕጢዎች በማግኔት መስክ ውስጥ የሚሰጡት ምልክት ከጤነኛው ሥጋ እንደሚለይ የሚያሳይ ነበር። ተስፋው ማግኔት ካንሰርን ከጤነኛው አካል ይለይልናል የሚል ነው። ምስል የሚሠራበትን ዘዴ ያገኙት ፖል ላውተርበርና ፒተር ማንስፊልድ እ.ኤ.አ. በ2003 የኖቤል ሽልማት ሲሰጣቸው ዳማዲያን ተተወ፤ በትልልቅ ጋዜጦች ላይ ሙሉ ገጽ ማስታወቂያ አውጥቶ እስከ መቃወም ደረሰ። ሽልማቱ ለማን ይገባ ነበር የሚለውን ክርክር ለባለሙያዎቹ እንተወው። የመጀመሪያው ተስፋ ግን እንደታሰበው አልሠመረም። ካንሰሩም፣ ካንሰር ያልሆነው ዕጢም፣ ያመረቀዘው ቁስልም፣ ከአደጋ በኋላ የተጠራቀመው ደምም ውኃ ያዘሉ ናቸው፤ በኤምአርአይ ፊልም ላይ ተመሳስለው የሚታዩበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

አጥንት ከሆነ በራጅ ይጀመር

አጥንት ላይ ለሚጠረጠር ማንኛውም ነገር የመጀመሪያው ምርመራ ራጅ ነው። ከፊትና ከጎን ይነሳል፤ በአቅራቢያው ያለው መገጣጠሚያም በፊልሙ ውስጥ መግባት አለበት። በደቂቃዎች ያልቃል፤ በአብዛኛው የአገራችን ሆስፒታሎችም ይገኛል።

ራጅ የሚያሳየው አጥንቱ ከዕጢው ጋር የገጠመውን ትግል ነው። ዕጢው ቀስ ብሎ የሚያድግ ከሆነ አጥንቱ ጊዜ ያገኝና ዙሪያውን ያጥራል፤ በፊልሙ ላይ ጥርት ያለ ነጭ ጠርዝ ይታያል። ዕጢው የሚቸኩል ከሆነ ጠርዙ ይደበዝዛል፤ ጤነኛው የት አብቅቶ የታመመው የት እንደጀመረ ለመለየት ያስቸግራል። የአጥንቱ ልባስ ከአጥንቱ ላይ እየተነሳ በተደራረበ ሽፋን ወይም በጨረር መልክ አዲስ አጥንት ይሠራል። በዕጢው ውስጥ የሚታየው የካልሲየም ነጭ ምልክትም ዘሩን ይናገራል፤ ቀለበትና ቅስት የሚመስል ከሆነ ከልም አጥንት የተነሳ ዕጢ፣ ደመና የሚመስል ከሆነ ደግሞ ራሱ አጥንት የሚሠራ ዕጢ ይጠረጠራል። እነዚህን ምልክቶች ኤምአርአይ ወይ እንደ ጥቁር ነጥብ ያሳያቸዋል፣ ወይም ጨርሶ ያልፋቸዋል። ራጁን ሳያይ ኤምአርአዩን ብቻ የሚያነብ ራዲዮሎጂስት የተጠናቀቀ ፍርድ መስጠት የሚቸገረው ለዚህ ነው። ኤምአርአይ ለመነሳት ሲሄዱ የራጁን ፊልም ቤት ትተው አይሂዱ።

ዕድሜና ቦታም ከፊልሙ እኩል ይናገራሉ። ኦስቲዮሳርኮማ የሚባለው የአጥንት ካንሰር በብዛት የሚነሳው በጉርምስና ዕድሜ፣ ከጉልበት በላይ ወይም በታች፣ አጥንቱ ፈጥኖ በሚያድግበት ቦታ ነው። የዩዊንግ ሳርኮማ የሚባለው ሌላው የአጥንት ካንሰር በልጆችና በወጣቶች ላይ ይበዛል፤ ብዙ ጊዜም የአጥንቱን አገዳ ይይዛል። ጃይንት ሴል የሚባለው ዕጢ ደግሞ እድገታቸውን በጨረሱ ወጣት አዋቂዎች ላይ የአጥንቱን ጫፍ ይዞ እስከ መገጣጠሚያው ይጠጋል። ዕድሜው ከ40 በላይ በሆነ ሰው ላይ አዲስ የአጥንት ቁስል ሲገኝ በቅድሚያ የሚታሰበው ከአጥንቱ የተነሳ ካንሰር ሳይሆን፣ ከጡት፣ ከፕሮስቴት፣ ከሳንባ፣ ከኩላሊት ወይም ከታይሮይድ የተሰራጨ ካንሰር፣ ወይም ማልቲፕል ማይሎማ የሚባለው የመቅኔ ካንሰር ነው።

በራጅ ታይቶ እዚያው የሚያበቃም አለ። ኳስ ሲጫወት ተመትቶ ራጅ የተነሳ ልጅ አጥንት ላይ በአጋጣሚ የሚገኝ፣ ጠርዙ የጠራ፣ ከአጥንቱ ግድግዳ የተጣበቀ ትንሽ ክፍተት ብዙ ጊዜ ኖንኦሲፋይንግ ፋይብሮማ የሚባል፣ ካንሰር ያልሆነ ነገር ነው፤ ልጁ ሲያድግ በራሱ በአጥንት ይሞላል። ልምድ ያለው ሐኪም ራጁን አይቶ «ተዉት» ካለ፣ «ለማንኛውም» ተብሎ የሚነሳ ኤምአርአይ ወላጆችን ከማስደንገጥና አላስፈላጊ የናሙና መርፌ ከመጋበዝ በቀር ትርፍ የለውም።

የራጅ ድካሙም ይታወቅ። አጥንት ከማዕድኑ ከ30 እስከ 50 በመቶ ያህል ካልጎደለ በቀር ጉዳቱ በራጅ ላይ ጎልቶ አይታይም። በአከርካሪና በዳሌ ደግሞ አንጀትና ሌሎች አጥንቶች ስለሚደራረቡ ትልቅ ዕጢ እንኳ ሊሸሸግ ይችላል። ስለዚህ «ራጁ ነጻ ነው» ተብሎ ሳለ ሌሊት የሚብስ፣ በዕረፍት የማይለቅ፣ ሳምንታት ያለፈው ሕመም ከቀጠለ ኤምአርአይ መጠየቅ ተገቢ ነው። አንድ ነገር እዚህ ላይ ልጨምር፤ ልጅ ጉልበቴን አመመኝ ሲል ችግሩ ዳሌው ላይ ሊሆን ይችላል። የጉልበት ራጅ ነጻ ከሆነ ዳሌውም ይታይ።

ይህ ቅደም ተከተል የድሀ አገር ብልሃት አይደለም። የብሪታንያ ብሔራዊ መመሪያ ምክንያቱ ያልታወቀ የአጥንት እብጠት ወይም ሕመም ያለበት ልጅ በ48 ሰዓት ውስጥ እንዲነሳ የሚያዘው ራጅ ነው። እያደገ የመጣ የሥጋ እብጠት ላለበት አዋቂ የሚያዘው ደግሞ በሁለት ሳምንት ውስጥ አልትራሳውንድ ነው። ኤምአርአዩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ወጌሻንም ሳላነሳ አላልፍም። ውልቃትን በመመለስ የታወቁ ወጌሾች አሉ፤ ሥራቸውን አላጣጥልም። ነገር ግን ያልወደቀ፣ ያልተመታ ልጅ እግር ላይ ያለ ምክንያት ያበጠ ነገር መታሸት የለበትም። ወደቅሁ የሚል ልጅ እንኳ ቢሆን እብጠቱ በሁለት በሦስት ሳምንት ካልጎደለ አንድ ራጅ ይነሳ። የአጥንት ካንሰር ያለባቸው ልጆች ዘግይተው የሚደርሱት ኤምአርአይ ስላልተገኘ ብቻ አይደለም፤ አንድ ራጅ ሳይነሱ ወራት ስለሚያልፉም ነው።

ሥጋ ላይ ከሆነ

ከቆዳ ሥር ለወጣ፣ ለሚዳሰስ፣ ትንሽ እብጠት ዋናው መነሻ አልትራሳውንድ ነው። ውኃ የያዘ ከረጢት ነው ወይስ ድፍን ሥጋ? ከጡንቻው ሽፋን በላይ ነው ወይስ በታች? ደም ይዘዋወርበታል? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች በጥቂት ደቂቃ ይመልሳል። ከቆዳ ሥር የሚንቀሳቀስ፣ ለዓመታት ሳይለወጥ የቆየ የስብ እብጠት ከዚህ በላይ ምርመራ አያስፈልገውም።

አልትራሳውንድ የማይበቃባቸው ምልክቶች እነዚህ ናቸው፦ ከ5 ሴንቲሜትር የሚበልጥ እብጠት፣ ይህም የዶሮ እንቁላል ቁመት ያህል ነው፤ ከጡንቻ ሽፋን በታች የተቀመጠ፤ በወራት ውስጥ የሚያድግ፤ የሚያም፤ ወይም ተቆርጦ ከወጣ በኋላ የተመለሰ። ሕመም አለመኖሩ ማረጋገጫ አይሆንም። አብዛኞቹ የሥጋ ሳርኮማዎች፣ ማለትም ከጡንቻ፣ ከስብና ከመሰሎቻቸው የሚነሱ ካንሰሮች፣ አያምሙም፤ ሰው የሚዘገየውም በዚሁ ነው። ከእነዚህ ምልክቶች አንዱ ካለ ማንም ሳይቆርጠውና ሳይወጋው በፊት ኤምአርአይ ይነሳ።

በሥጋ እብጠት ላይ ኤምአርአይ ስሙን በትክክል ሊጠራ የሚችልባቸው ጥቂት ጉዳዮች አሉ። ንጹሕ የስብ ዕጢ በሁሉም የምስል ዓይነት ከቆዳ ሥር ካለው ስብ ጋር አንድ መልክ ይይዛል፤ ስብ የሚጠፋበት ምስል ላይ አብሮ ይጠፋል። ውስጡ ወፍራም ክፍልፋይ ወይም ስብ ያልሆነ ጉብታ ካለው፣ ወይም መጠኑ ከ10 ሴንቲሜትር ካለፈ፣ ዝቅተኛ ደረጃ ያለው የስብ ካንሰር ሊሆን ስለሚችል በላቦራቶሪ ይለያል። የደም ሥር ዕጢዎች፣ ከመገጣጠሚያ የወጡ የፈሳሽ ከረጢቶችና በተደጋጋሚ ደም የሚያዥ የመገጣጠሚያ ሽፋን ዕጢም የራሳቸው መልክ አላቸው። ከእነዚህ ውጭ ያሉት ድፍን ዕጢዎች በአብዛኛው በምስል ብቻ አይለዩም።

ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንደኛው «የተጠራቀመ ደም ነው» የሚል ፍርድ ነው። አደጋ ያልደረሰበት፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የማይወስድ ሰው ጭን ውስጥ የተገኘ «ደም» ውስጡ ደም ያዘለ ሳርኮማ ሊሆን ይችላል። ደም ነው ከተባለም እየጎደለ ሊሄድ ይገባዋል፤ ካልጎደለ ምርመራው ይደገም። ሁለተኛው «ከረጢት ነው» የሚል ነው። ሲኖቪያል ሳርኮማና ዝልግልግ ፈሳሽ የመሰሉ አንዳንድ ዕጢዎች ውኃ መስለው ያበራሉ። ጉልበት ጀርባ ያለ ከረጢት የታወቀ ቦታና የታወቀ አንገት አለው፤ ከዚያ ውጭ ያለ «ከረጢት» ምስሉን የሚያጎላ መድኃኒት ተወግቶ በኤምአርአይ መረጋገጥ አለበት።

መድኃኒቱ ጋዶሊኒየም ነው። ውኃ አይጠጣውም፤ ደም የሚደርስበት ሕያው ዕጢ ግን ይጠጣውና ያበራል። ናሙና ከየትኛው ጥግ ቢወሰድ ሕያው ሴል እንደሚገኝም ያመለክታል። የአጥንት ዕጢን ስፋት ለመለካት ብቻ ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ ያለ እርሱም ይቻላል፤ ስለዚህ «ከመድኃኒት ጋር» እና «ያለ መድኃኒት» የዋጋ ልዩነት ሲነገርዎ ለምን እንደታዘዘ መጠየቅ ነውር አይደለም። ኩላሊቱ ክፉኛ የደከመ ሰው አስቀድሞ ይናገር። እርጉዝ ሴት የግድ ካልሆነ አትወስድም፤ የምታጠባ እናት ግን ጡት ማቋረጥ አያስፈልጋትም።

ኤምአርአይ አቻ የሌለው የት ነው?

ዕጢ መኖሩ ታውቆ ቀዶ ሕክምና ከታሰበ ኤምአርአይን የሚተካ የለም። ምክንያቱ መቅኔ ነው። በአዋቂ ሰው ረጃጅም አጥንቶች ውስጥ ያለው መቅኔ በአብዛኛው ስብ ነው፤ ቲ1 በሚባለው የምስል ዓይነት ስብ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ዕጢ ገብቶ ስቡን ሲተካው ያ ስፍራ ይጠቁራል፤ ድንበሩም ይለካል። ቀዶ ሐኪሙ አጥንቱን የት ላይ እንደሚቆርጥ የሚወስነው ከዚህ ምስል ነው። ስቡን አጥፍቶ ውኃውን የሚያበራው ሌላው ዓይነት ዕጢን ፈልጎ ለማግኘት የሚወዳደረው የለም፤ ነገር ግን በዕጢው ዙሪያ የረጠበውን ጤነኛ ሥጋ ሁሉ አብሮ ስለሚያበራ ዕጢውን ከልኩ አስፍቶ ያሳያል። ሁለቱ ጎን ለጎን ካልተነበቡ ወይ ዕጢ ይቀራል፣ ወይ ጤነኛ አጥንት ይቆረጣል። በልጆች ቀይ መቅኔ ስለሚበዛ ንባቡ ይበልጥ ይከብዳል፤ የልጅ ፊልም የልጅ አጥንት ማየት በለመደ ሰው ቢነበብ ይመረጣል።

ከመቅኔው ባሻገር ሐኪሙ የሚፈልገው ሌላ ነገር አለ። ዕጢው ከአጥንቱ ወጥቶ ጡንቻ ውስጥ ገብቷል? ዋናውን የደም ሥርና ነርቭ ከቧቸዋል ወይስ ገፍቷቸው ብቻ ነው? መገጣጠሚያው ውስጥ ገብቷል? በልጅ ከሆነ የእድገት መስመሩን አልፏል? አሜሪካዊው የአጥንት ሐኪም ዊልያም ኤኔኪንግ እ.ኤ.አ. በ1980 ያወጣው የዕጢዎች ደረጃ አሰጣጥ ዕጢው ከተነሳበት ክፍል መውጣት አለመውጣቱን ከዋና መመዘኛዎቹ አንዱ አድርጎታል፤ እግር ተቆርጦ ይጣል ወይስ አጥንቱ ብቻ ወጥቶ እግሩ ይትረፍ የሚለው ውሳኔ በእነዚህ መልሶች ላይ ይቆማል። ራጅ እነዚህን አይመልስም። አካልን በራጅ ጨረር በቀጫጭን ንብርብር የሚያነሳው ሲቲ ከፊሉን ይመልሳል። ኤምአርአይ ሁሉንም በአንድ ቀጠሮ ይመልሳል፤ ጨረርም የለውም።

እዚህ ላይ በጣም የተለመደ ብክነት አለ። የትእዛዝ ወረቀቱ «የጉልበት ኤምአርአይ» ይላል፤ ማዕከሉም ጅማትና ልም አጥንት ለማየት በተዘጋጀው ጠባብ መስክ ጉልበቱን ብቻ ያነሳል። ዕጢው ግን የጭኑን አጥንት አጋማሽ ይዟል። ከዚህ የከፋው፣ ከዋናው ዕጢ ተነጥሎ በዚያው አጥንት ላይኛው ጫፍ የተቀመጠ ሌላ ዕጢ ሊኖር ይችላል፤ ብዙ ጊዜ አይገኝም፣ ሲገኝ ግን ሕክምናውን ከሥሩ ይለውጠዋል። ዕጢ ለተጠረጠረበት ጭን ትእዛዙ «ሙሉ የጭን አጥንት፣ ከዳሌ መገጣጠሚያ እስከ ጉልበት» መሆን አለበት። ወረቀቱን ከመክፈልዎ በፊት ያንብቡት፤ እንዲህ ካላለ ወዳዘዘው ሐኪም ተመልሰው ይጠይቁት። ለአንድ ምርመራ ሁለት ጊዜ ከመክፈል ይህ ይሻላል።

ሲቲ የሚበልጥበት

ሲቲ በሰውነት ዕጢዎች ዓለም እንደ ታናሽ ወንድም ይቆጠራል፤ ያለ አግባብ ነው። ቁልፍ የሆኑ ጉዳዮች ላይ ኤምአርአይን ይበልጠዋል። በወጣቶች ላይ የሚከሰት፣ ሌሊት የሚብስ፣ በአስፕሪን ወይም በአይቡፕሮፌን ቶሎ የሚበርድ ሕመም የሚያመጣ ኦስቲዮይድ ኦስቲዮማ የሚባል ትንሽ የአጥንት ዕጢ አለ። ካንሰር አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜም ከ2 ሴንቲሜትር አይበልጥም። ኤምአርአይ በዙሪያው የተነሣውን ሰፊ እብጠት አጉልቶ ስለሚያሳይ ካንሰር ወይም ምርቀዛ ሊመስል ይችላል። በቀጭኑ የተነሳ ሲቲ ግን ማዕከሉን ነጥብ አውጥቶ ያሳያል። ከጉዳት በኋላ ጡንቻ ውስጥ አጥንት የሚሠራበት ሁኔታም እንዲሁ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በኤምአርአይ አስፈሪ ሳርኮማ ይመስላል፣ ሲቲው ከዳር ጀምሮ እየጠነከረ የመጣውን የካልሲየም ቀለበት ሲያሳይ ፍርሃቱ ይበርዳል። ይህን በጊዜ ያላወቀ ሰው ናሙና ወስዶ ላቦራቶሪውንም ሊያሳስት ይችላል።

ሳንባ ደግሞ የሲቲ ርስት ነው። ሳርኮማ ሲሰራጭ በብዛት አስቀድሞ የሚያርፈው ሳንባ ላይ ነው፤ ትንንሽ ጉብታዎችን ለማየት ኤምአርአይ አይመረጥም። ስለዚህ ሳርኮማ ለተረጋገጠበት ሰው ምርጫው «ሲቲ ወይስ ኤምአርአይ» አይደለም። እግሩ በኤምአርአይ፣ ደረቱ በሲቲ ይታያል። በጀቱ ውሱን ከሆነ ሁለቱን አስቦ መመደብ ያስፈልጋል፤ ገንዘቡን ሁሉ ሁለት ጊዜ በተደገመ የእግር ኤምአርአይ ላይ ጨርሶ ደረቱን ሳያዩ መቅረት አይገባም።

መላውን አካል ማየት ካስፈለገ

የአጥንት ስካን በራዲዮአክቲቭ ቴክኒሺየም መላውን አጽም በአንድ ጊዜ ያሳያል፤ ከጡትና ከፕሮስቴት ለተሰራጨ ካንሰር ጥሩ ነው። ማልቲፕል ማይሎማን ግን በብዛት ያልፈዋል፤ አጥንቱ ለመጠገን ሲሞክር የሚታይ ምርመራ ነው፣ ማይሎማ ደግሞ ይህንን ጥገና ያፍነዋል። ለማይሎማ መላ አካልን የሚያነሳ ኤምአርአይ ወይም ዝቅተኛ ጨረር ያለው ሲቲ ይሻላል፤ እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው ዓለም አቀፍ መመዘኛ መሠረት 5 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ከአንድ በላይ ቁስል በኤምአርአይ መታየቱ ሕክምና ለመጀመር ከሚያበቁ ምልክቶች አንዱ ነው። ፔት የሚባለው ምርመራ ዕጢው ስኳር የሚበላበትን ፍጥነት ያሳያል፤ ጠቃሚ ነው፣ ነገር ግን ምርቀዛና ቲቢም እንደ ካንሰር ስኳር ይበላሉ።

ቀጠሮ የማይጠብቅ ጉዳይ አንድ ነው። የጀርባ ሕመም ያለበት ሰው እግሩ መዛል ከጀመረ፣ ሽንት ካስቸገረው ወይም ከወገቡ በታች ከደነዘዘ የሙሉ አከርካሪ ኤምአርአይ በ24 ሰዓት ውስጥ መነሳት አለበት። በዚህ ጊዜ ቀደም ያለ ራጅ፣ ስካንም ሆነ ወረፋ አይጠበቅም።

ዕጢ ወይስ ቲቢ?

አገራችን ላይ ይህ ጥያቄ የሕክምና መጻሕፍት ከሚሉት በላይ ይነሳል። አከርካሪ ላይ የሚወጣ ቲቢ ከዕጢ ጋር ይምታታል፤ ኤምአርአይ በአብዛኛው ሊለያቸው ይችላል። ዕጢ አጥንቱን ሲበላ በአጥንቶቹ መካከል ያለውን ዲስክ ብዙ ጊዜ አይነካም፤ ምርቀዛ ግን ከአንዱ አጥንት ወደ ቀጣዩ ይሻገራል፣ በዙሪያውም መግል ይቋጥራል። ቲቢ ከሌሎች ምርቀዛዎች ይልቅ ዲስኩን ቆይቶ የሚያጠቃ በመሆኑ ልዩነቱ ሁልጊዜ አይጠራም።

የበለጠ የሚያስቸግረው የልጆች ጉዳይ ነው። የዩዊንግ ሳርኮማ ትኩሳት ያመጣል፣ እግርን ያቀላል፣ የደም ምርመራን ያዛባል፤ አጥንት ውስጥ የገባ ምርቀዛ ይመስላል። አንቲባዮቲክ ሲሰጠው ለጥቂት ቀን የተሻለው ሊመስል ይችላል። ኤምአርአዩም እዚህ ላይ ሊያመነታ ይችላል። ስለዚህ ከአጥንት የወጣ ማንኛውም «መግል» ግማሹ ለባክቴሪያና ለቲቢ ምርመራ፣ ግማሹ ሴሎቹ በማይክሮስኮፕ ለሚታዩበት የፓቶሎጂ ምርመራ መላክ አለበት፤ ዕጢ ነው ተብሎ የተወሰደ ናሙናም እንዲሁ። ሐኪሙ ይህን ከማድረጉ በፊት የተደፋ ብልቃጥ ዳግመኛ አይገኝም።

ማዕከል ሲመርጡ

ማግኔቱ በቴስላ ይለካል። ለዕጢ ምርመራ 1.5 ቴስላ በቂም ጥሩም ነው። 3 ቴስላ ትንንሽ ነርቮችን በተሻለ ያሳያል፤ ነገር ግን በአካሉ ውስጥ ብረት ያለበት ሰው ምስሉ ይበልጥ ይበላሽበታል። ከ0.5 ቴስላ በታች የሆኑት፣ ብዙዎቹ ክፍት ቅርጽ ያላቸው መሣሪያዎች፣ ጠባብ ቦታ ለሚያስፈራው ሰው ይመቻሉ፤ ምስላቸው ግን ደከም ያለ ነው። እኔ ብመርጥ ከቴስላው ይልቅ የምጠይቀው ሌላ ነገር ነው፦ ፊልሙን የሚያነበው ማን ነው? የአጥንት ዕጢ አዘውትሮ የሚያይ ራዲዮሎጂስት በ1.5 የሚያነበው፣ ዕጢ በዓመት አንዴ ከሚያይ ሰው የ3 ቴስላ ንባብ ይበልጣል።

እብጠቱ ትንሽ ከሆነ ባለሙያው ቆዳው ላይ የቫይታሚን ወይም የዓሣ ዘይት እንክብል እንዲያስቀምጥ ይጠይቁ፤ በፊልሙ ላይ ነጭ ሆኖ ስለሚታይ ቦታውን ያመለክታል። ምርመራው ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይወስዳል፤ ዝም ብለው መተኛት የማይችሉ ሕፃናት ማደንዘዣ ይሰጣቸዋል። የልብ ማስተካከያ መሣሪያ፣ በጆሮ ውስጥ የተተከለ መስሚያ፣ የአንጎል የደም ሥር ማሰሪያ ያለበት ሰው ከመግባቱ በፊት ይናገር። ጥይት ወይም ፍንጣሪ በሰውነቱ የቀረበትም እንዲሁ፤ በአገራችን እንዲህ ያለ ሰው ብዙ ነው፣ ሳይጠየቅ አይናገርም። የት እንዳለ በራጅ ከታየ በኋላ ይወሰናል። ብረት ሲበይድ ዓይኑ ውስጥ ስባሪ የገባበትም መጀመሪያ የዓይን ራጅ ይነሳል። የቲታኒየም ሳህን ግን በአብዛኛው አያስከለክልም። የአንገት መስቀልና ጌጥ ከበሩ ውጭ ይቀራል።

ሲጨርሱ ሪፖርቱን ብቻ ይዘው አይውጡ። ምስሎቹን በሲዲ ወይም በፍላሽ ይጠይቁ። በወረቀት የታተመው ፊልም ከመቶዎቹ ምስሎች ጥቂቱን ብቻ የያዘ ነው፤ ጥቁር አንበሳ ለሚቀበልዎ ሐኪምም ሆነ ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ላለ ዘመድ ሐኪም የሚያገለግለው ሙሉው ነው።

መርፌው ከፊልሙ በኋላ

የመጨረሻውን ስም የሚሰጠው ናሙና ነው፤ ግን ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ጉዳቱ ከባድ ነው። መርፌ ወይም ቢላ ከገባ በኋላ የሚነሳ ኤምአርአይ የደምና የእብጠት ምልክት ስለሚቀላቀልበት የዕጢውን ድንበር አያሳይም። የመርፌው መንገድ ራሱ በካንሰር ሴል ሊበከል ስለሚችልም፣ ቀዶ ሐኪሙ በኋላ ዕጢውን ሲያወጣ አብሮ የሚያወጣው መስመር ላይ መሆን አለበት። ያ መስመር የሚመረጠው ኤምአርአይ ታይቶ ነው።

አሜሪካዊው የአጥንት ዕጢ ሐኪም ሄንሪ ማንኪንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጡት ጥናት 597 ሕሙማንን ተመልክተው ነበር። ናሙናው ሕክምናውን በሚሰጠው ማዕከል ሳይሆን በሌላ ሆስፒታል ሲወሰድ ስሕተትና ጉዳት ከ2 እስከ 12 እጥፍ ከፍ ብሎ አገኙት፤ 18 ሰዎች በናሙናው ጉድለት ምክንያት ያለ አስፈላጊነት እግር ወይም እጅ አጥተዋል። ይህ የደረሰው ምርመራ በሞላበት አገር ነው። ኤፍኤንኤ የሚባለው የቀጭን መርፌ ምርመራ በአገራችን ርካሽና ፈጣን ስለሆነ ማንኛውም እብጠት ወዲያው ይወጋል፤ ለአንገት ንፍፊትና ለታይሮይድ መልካም ነው። ትልቅና ጥልቅ ለሆነ የጭን እብጠት ግን ኤምአርአዩን ይጠብቅ፣ ከዚያም ወፈር ባለ መርፌ፣ የመጨረሻውን ቀዶ ሕክምና የሚያደርገው ሐኪም በመረጠው ቦታ ይወሰድ። «ትንሽ ነገር ናት፣ እዚሁ አውጥተን እንጣላት» የሚል ግብዣ ከጥልቅ እብጠት ጋር ሲመጣ እምቢ ይበሉ።

ከሕክምና በኋላ ምርጫው እንደገና ይለወጣል። ኦስቲዮሳርኮማ ኬሞቴራፒ ወስዶ በኤምአርአይ ካልጠበበ መድኃኒቱ አልሠራም ማለት አይደለም፤ ዕጢው የሠራው አጥንት ሴሎቹ ከሞቱም በኋላ ቦታውን ይዞ ይቀራል። 90 በመቶና ከዚያ በላይ መሞቱ የሚታወቀው ተቆርጦ በወጣው አጥንት ላይ በማይክሮስኮፕ ነው። ብረት የተተካለት እግር በራጅ ይከታተላል፤ አዲስ ጉብታ ከተዳሰሰ በአልትራሳውንድ ይታያል፤ ኤምአርአይ ካስፈለገም ማዕከሉ የብረትን ጥላ የሚቀንስ ፕሮግራም እንዳለው አስቀድሞ ይጠየቃል። ብረት የሌለበት የሥጋ ሳርኮማ ቀዶ ቁስሉ ከረጋ በኋላ ለማነጻጸሪያ አንድ ኤምአርአይ ይነሳና ይቀመጣል። የደረት ክትትሉ ግን ለሁሉም ነው፤ በራጅ ይሁን በሲቲ ሐኪሙ ይወስናል፣ እግሩ ሙሉ በሙሉ ድኖ በሩጫ ላይ ያለ ወጣት እንኳ የደረት ቀጠሮውን አይዘልም።